የካርቱም ካሜራ ባለቤት፦ ጋዳላህ ጉባራ

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 በካርቱም ቤተ መንግሥት የእንግሊዝና የግብፅ ባንዲራዎች ወርደው የነጻዪቱ ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ታሪኩን በፊልም ካስቀሩት አንዱ ጋዳላህ ጉባራ ነበሩ።

በ1920 የተወለዱት ጋዳላህ ከሲኒማ ጋር የተዋወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በእንግሊዝ ጦር የመገናኛ ክፍል ሲያገለግሉ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ቅኝ ገዢዎቹ ባቋቋሙት የሱዳን ፊልም ክፍል ገቡ። በዚያ ዘመን ፊልም በመኪና ተጭኖ ገጠር ለገጠር እየዞረ ስለ እርሻና ስለ ጤና ይሰብክ ነበር። የሚነገረውን የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ ፊልም ቀራጺው ታዛዥ ነበር። ጋዳላህ ሙያውን በሥራ ላይ ተማሩ፤ ኋላም በቆጵሮስና በአሜሪካ አዳበሩት። በ1955 የሠሩት «የካርቱም ዘፈን» አፍሪካውያን ካዘጋጇቸው ቀደምት ባለቀለም ፊልሞች አንዱ ነው።

ከነጻነት በኋላም ለመንግሥት ብዙ ዘጋቢ ፊልሞች ሠሩ። የካርቱም ሲኒማ ቤቶች ግን በግብፅ፣ በአሜሪካና በሕንድ ፊልሞች ይሞሉ ነበር። የሱዳን የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም፣ የኢብራሂም ማላሲ «ተስፋና ሕልም»፣ የወጣው በ1970 ነው። ጋዳላህ በ1974 የራሳቸውን «ስቱዲዮ ጋድ» ከፈቱ፤ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥም «ታጁጅ»ን ቀረፁ። ታሪኩ ተከዜን «ሰቲት» ብለው ከሚጠሩት የሁምራን ዘላኖች የመጣ የምሥራቅ ሱዳን የፍቅር አፈ ታሪክ ነው፤ ለእኛም ጎረቤት ነው።

በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከ50 በላይ ዘጋቢ ፊልሞች ሲሠሩ፣ ልብ ወለዶቻቸው ሦስት ብቻ መሆናቸው አያስገርምም። ዘጋቢ ፊልም አዛዥም ከፋይም ነበረው፤ ልብ ወለዱን ግን ከራስ ኪስ አውጥቶ መሥራት ግድ ይላል። ብቻቸውን እንዳይቀሩም የአፍሪካ ሲኒማ ባለሙያዎች ፌዴሬሽንንና በኡጋዱጉ የሚካሄደውን የፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮን፣ ከመሠረቱት ጎራ ተሰለፉ። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ታላቁን ሽልማት በ2009 የተቀበሉት በዚሁ መድረክ ነው።

ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሱዳን ሲኒማ እየተዳከመ ሄደ፤ ስቱዲዮ ጋድም ከእጃቸው ወጣ። በስተርጅና ዓይናቸው ቢጠፋም ሥራቸውን አላቆሙም። በካይሮ ሲኒማ በተማረች፣ በፖሊዮ የተጎዳች ዋናተኛም በሆነች ልጃቸው በሳራ ዓይን እየታገዙ የቪክቶር ሁጎን «ምስኪኖቹ»ን በ2006 ወደ ሱዳናዊ ፊልም ቀየሩት። በ2008 አረፉ።

ቤተሰባቸው ያስቀመጠው የፊልም ክምችት ግን አልጠፋም፤ በርሊን በሚገኘው አርሴናል የፊልም ተቋም ወደ ዲጂታል ተቀየረ። ሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት ካርቱምን ሲያወድም፣ የነጻነት ዘመኗ ካርቱም የፊልም ቅጂ ግን ከአገር ውጭ ነበር። ጋዳላህ ከመንግሥት ደመወዝ ወጥተው የራሳቸውን ስቱዲዮ ባይከፍቱ፣ ዛሬ ለሱዳናውያን የሚታይ ይህን ያህል ሥራ ባልተረፈ ነበር።