የፈረስ ስም በአልሜሪያ በረሃ

የእናቴ ታላቅ ወንድም መታወቂያው ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ ሰፈሩ የሚጠራው ግን በሌላ ነው። «ጃንጎ» ይሉታል። የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ አንዳንዴ ይረሱትና «ጃንጎ መጣ» ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ ቡና እየተፈላ ሳለ «ጋሼ፣ ይህን ስም ማን አወጣልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ማን ያወጣልኛል? ራሴ ነኛ! ልጆች ሆነን ፒያሳ ሲኒማ ገባን፤ አክተሩ የሬሳ ሣጥን በጭቃ ውስጥ እየጎተተ ይመጣል። ስንወጣ ‘ከዛሬ ጀምሮ ጃንጎ ነኝ’ አልኩ፤ አለቀ» አለኝ። «አክተሩስ ማን ይባላል?» አልኩት። «ጃንጎ ነዋ!»

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ቡና ላይ ነው። ፊልሙ የሰርጂዮ ኮርቡቺ ነው፤ የወጣውም በ1966 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጃንጎን የተጫወተው የ24 ዓመት ጣሊያናዊ ወጣት ፍራንኮ ኔሮ ይባላል። እሱም ቢሆን ያሳጠረው ስሙ ነው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ፍራንቼስኮ ስፓራኔሮ ነበር። አጎቴ እንግዲህ ከሰው የተዋሰ ሰው የተጫወተውን ሰው ስም ተዋሰ ማለት ነው። በጀርመን ደግሞ የባሰ ሆነ፤ የኔሮ ሌሎች ፊልሞች እዚያ ሲታዩ ታሪካቸው ከጃንጎ ጋር ባይገናኝም እንኳ «ጃንጎ» የሚል ርእስ ይለጠፍባቸው ጀመር። ገጸ ባሕርዩ ተዋናዩን ዋጠው።

አውሮፓ ውስጥ የተሠሩት የካውቦይ ፊልሞች ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የአዘጋጆቹ ብልኀትና የሙዚቃው ውበት ነው። እኔ ግን በተዋንያኑ ስም በኩል ልግባበት። ስማቸውን ማን ሰጣቸው? ማንስ ወሰደባቸው? ስም የሚባል ነገር ጭራሽ ያልደረሳቸውስ እነማን ናቸው?

እኛ አገር በስም ላይ ስም መደረብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የፈረስ ስም ነው። ሰውየው ከሚጋልበው ፈረስ ጋር ስም ይጋራል፤ ስሙ በጦር ሜዳ ይፎከርበታል፣ በአዝማሪ አፍ ይገባል። ዋናው ነገር ግን የፈረስ ስም የወላጅን ስም አይገፋም። አባ ነጋ ሲባል አሉላ መሆኑ አይጠፋም። ስሙ ሰውየውን ያጎላዋል እንጂ አይሸሽገውም።

በሮም ለተዋንያን የወጣው የፈረስ ስም ግን ሥራው ተቃራኒ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የካውቦይ ፊልም የአሜሪካ ዕቃ መሆኑን ተመልካቹ ያምናል። የሮም ሰው የሮም ሰው የሠራውን ካውቦይ ገንዘብ ከፍሎ አያይም ተብሎ ተፈራ። ልክ ገበያ ላይ አገር ውስጥ የተሰፋው ሸሚዝ «የውጭ ነው» ካልተባለ እንደማይሸጠው ማለት ነው። ስለዚህ በ1964 ሰርጂዮ ሌዮኔ በጥቂት ገንዘብ «ለአንድ እፍኝ ዶላር» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የፊልሙ መግቢያ ላይ የሚነበበው ስም ሁሉ ፈረንጅኛው ተመርጦ ተጻፈ። ሙዚቃውን የደረሰው ኤኒዮ ሞሪኮኔ «ዳን ሳቪዮ» ተባለ። ክፉውን ራሞንን የተጫወተው ጃን ማሪያ ቮሎንቴ «ጆን ዌልስ» ተባለ። ሌዮኔ ራሱ «ቦብ ሮበርትሰን» ሆነ።

በዚህ የመጨረሻው ስም ላይ ትንሽ ልቁም። የሌዮኔ አባት ቪንቼንሶ ሌዮኔ ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን አዘጋጅ ነበር፤ የሚሠራውም «ሮቤርቶ ሮቤርቲ» በሚል የብዕር ስም ነበር። «ሮበርትሰን» ማለት በእንግሊዝኛው የሮበርት ልጅ ማለት ነው። ልጁ ስሙን እንዲደብቅ ሲገደድ በጭምብሉ ውስጥ የአባቱን ስም አስገባ። እንዲህ ያለውን ለቅኔ ተማሪ ብንነግረው «ሰሙ አሜሪካ፣ ወርቁ አባቴ» ብሎ ይፈታዋል።

ምፀቱ ግን አላበቃም። ስሙ የተበደረው ይህ ፊልም ታሪኩንም የወሰደው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1961 ከሠራው «ዮጂምቦ» ነበር። ጃፓኖቹ ጠየቁ፤ ነገሩ በስምምነት አልቆ ካሣ ተከፈለ። ሁሉም ስሙን ደብቆ በሰው ቤት የገባበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ስሙ ከተደበቀባቸው መካከል ጁልያኖ ጄማ አንዱ ነው። በ1965 «ሽጉጥ ለሪንጎ» በተባለው ፊልም ገንኖ ሲወጣ ተመልካች የሚያውቀው «ሞንትጎመሪ ውድ» ብሎ ነበር። ዝናው ሲጠነክር ግን ያን ስም ጥሎ ጁልያኖ ጄማ ሆነ፤ ዝናው ስሙን አስመለሰለት። ማሪዮ ጂሮቲ ደግሞ የተለየ ነው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ተዋናይ ነበር፤ በ1963 በሉኪኖ ቪስኮንቲ «ነብሩ» ውስጥ በገዛ ስሙ ተጫውቷል፤ በምዕራብ ጀርመኖቹ የካውቦይ ፊልሞችም እንደዚሁ። በ1967 ግን ሌላ ስም ያዝ ተባለ። ከተሰጠው ዝርዝር ውስጥ «ቴረንስ ሂል» የሚለውን መረጠ። እናቱ ጀርመናዊት ናት፤ የእሷ ስም መነሻ ፊደሎች ከዚህ ስም ፊደሎች ጋር አንድ ናቸው። ሌዮኔ በአባቱ፣ ጂሮቲ በእናቱ! ሰው ስሙን ሲነጠቅ የሚሸሸው ወደ ወላጁ ነው መሰለኝ።

ያው በዚሁ ፊልም ላይ አብሮት የተጫወተው ግዙፍ ሰው ካርሎ ፔደርሶሊ ይባል ነበር። ይህ ሰው የናፖሊ ልጅ፣ ዋናተኛ ነው። በ1950 ከጣሊያኖች ውስጥ መቶ ሜትር ነፃ ዋናን ከአንድ ደቂቃ በታች በመዋኘት የመጀመሪያው ሆኗል፤ በ1952 በሄልሲንኪ፣ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተሰልፏል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ለምን ሌላ ስም ይፈልጋል? ገበያው ፈለገ። ፔደርሶሊም ከሚወደው የአሜሪካ ቢራ ስም ላይ «በድ»ን ቆረጠ፤ ከሚያደንቀው ተዋናይ ከስፔንሰር ትሬሲ ደግሞ «ስፔንሰር»ን ወሰደና በድ ስፔንሰር ሆነ። በ1970 ሁለቱ «ትሪኒቲ ይሉኛል» በተባለው ፊልም ዓለምን አሳቁ። ከዚያ በኋላ ስሙ ጭምብል መሆኑ ቀረ። ፔደርሶሊ በ2016 ሲሞት ሕዝብ ያለቀሰለት በድ ስፔንሰር ብሎ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ነገር ማስተካከል አለብኝ፦ የተዋሰ ስም ሁሉ ሌብነት አይደለም። ሰው ጋልቦ ጋልቦ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። የፈረስ ስምም የሚጸናው በግልቢያ አይደል?

ስም ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት! ድምፅም ነበረ። በዚያን ዘመን ጣሊያኖች ፊልም ሲቀርጹ ድምፁን ለብቻ በኋላ ነበር የሚያስገቡት። ስለዚህ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በስፓኒሽ፣ አንዱ በጣሊያንኛ እየተናገረ ፊት ለፊት ይጫወታሉ፤ መግባባት በዓይን ነው። ኋላ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ያናግራቸዋል። ኢጣልያ ውስጥ ጃንጎን ያናገረው ናንዶ ጋሶሎ እንጂ ኔሮ አይደለም። የክሊንት ኢስትውድም የጣሊያንኛ ድምፅ የኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ ነው። ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው፣ ስሙ የሦስተኛው።

ኢስትውድን ካነሣን ዘንድ ከአሜሪካ የመጡትንም እንያቸው። እነሱ ስማቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ እንዲያውም የተፈለገው ስማቸው ነበር። ግን ትልልቆቹ ኮከቦች ዋጋቸው አይቀመስም፤ ስለዚህ ገበያ ያልሞቀላቸው ተጠሩ። ኢስትውድ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር፤ ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው 15,000 ዶላር ነው። ሊ ቫን ክሊፍ ደግሞ በ1952 «ሃይ ኑን» ውስጥ አንዲት ቃል ሳይናገር የሚታይ ወሮበላ ነበር፤ ከዚያም የመኪና አደጋ ደርሶበት ሥራው ተቀዛቅዞ ሥዕል እየሣለ ሳለ በ1965 ሌዮኔ አገኘው። አርባ ዓመቱ ነበር። ሆሊውድ የጣለውን ፊት አውሮፓ አነሣችው።

ጥቁሮቹም አሉ። ውዲ ስትሮድ በ1946 የአሜሪካን ፕሮፌሽናል እግር ኳስ የቀለም አጥር ከሰበሩት ተጫዋቾች አንዱ ነው። በሌዮኔ «አንድ ጊዜ በምዕራብ» (1968) መክፈቻ ላይ ባቡር ሲጠብቅ ውኃ ባርኔጣው ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሚታየው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያኖች የፓትሪስ ሉሙምባን መጨረሻ በሚያስታውስ ፊልም ላይ ዋናውን ሰው አድርገው አጫወቱት። ቮኔታ ማክጊም በ1968 በኮርቡቺ «ታላቁ ጸጥታ» ባሏ የተገደለባትን ሴት ሆና ተጫውታለች፤ ፊልሙ በረዶ ላይ ይጀምርና በደካሞች እልቂት ያልቃል። አክተሩ ይሞታል። አጎቴ ይህን ቢያይ ገንዘቡን መልሱልኝ ይል ነበር።

ስማቸውን ጠብቀው የሌላውን ሕዝብ ፊት የተዋሱም ነበሩ። በምዕራብ ጀርመን ከ1962 ጀምሮ በዩጎዝላቪያ ተራሮች በተቀረጹት የቪኔቱ ፊልሞች የአፓቼውን አለቃ የተጫወተው ፈረንሳዊው ፒየር ብሪስ ነው። ምሥራቅ ጀርመን በ1966 ስትመልስ ደግሞ ጀግናው ነጩ ሳይሆን ቀይ ሕንዱ ይሁን አለች። መልካም! የተጫወተው ግን ሰርቡ ጎይኮ ሚቲች ነው። ምዕራቡም ምሥራቁም መሬቱን ስለተነጠቀው ሕዝብ አለቀሱ፤ ዋናውን ቦታ ግን ለራሱ ልጅ ሳይሰጡት።

ጭምብሉን ጨርሶ ቀድዶ የወጣው ቮሎንቴ ነው። ሮም ውስጥ በድራማ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ሰው ነው። በሁለተኛው የዶላር ፊልም በገዛ ስሙ ወጣ። ቀጥሎ በ1966 በዳሚያኖ ዳሚያኒ «ማን ያውቃል?» የሜክሲኮን አብዮት ጠመንጃ ሸጦ ሊጠቀምበት የተነሣን፣ ኋላ ግን ዓይኑ የሚገለጥለትን ሽፍታ ተጫወተ። በ1970 ደግሞ ከኤሊዮ ፔትሪ ጋር ከሕግ በላይ የሆነ ፖሊስ ሆኖ በሠራው ፊልም ኢጣልያ የኦስካር ሽልማት አገኘች። «ጆን ዌልስ»ን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ ልምጣ፤ ስም ወዳልደረሳቸው። በደቡብ ስፔን አልሜሪያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ታበርናስ የተባለው በረሃው ለካሜራ ቴክሳስን ይመስላል። በ1960ዎቹ ድኻ አገር ነበር፤ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ይሰደዱ ነበር። ፊልሙ ሲመጣ የአገሬው ገበሬና ሂታኖ የሚባሉት ጂፕሲዎች ባርኔጣ ተደፍቶላቸው ሜክሲኳውያን ሆኑ። ከፈረስ ወደቁ፣ ሞቱ፣ ተነሡ፣ ለሌላው ፊልም ደግሞ ሞቱ። የእነሱን ስም ወደ እንግሊዝኛ የቀየረው የለም፤ ምክንያቱም አልተጻፈም።

በ1966 «ደጉ፣ ክፉውና አስቀያሚው» ሲቀረጽም በሰሜን ስፔን በቡርጎስ አካባቢ ሠራተኛው የፍራንኮ መንግሥት ወታደር ነበር። ወታደሮቹ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ጦር ሆነው ተዋጉ፤ ድልድይም ሠሩ። ድልድዩ ካሜራው ሳይነሣ በስሕተት ፈነዳ፤ እነዚያው ወታደሮች እንደገና ሠሩት። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከአምስት ሺህ በላይ መስቀል ያለበት የውሸት መቃብር ቆፈሩ።

ያ መቃብር ለዓመታት ሣርና አፈር ውጦት ኖረ። ከ2015 ጀምሮ ፈቃደኞች ዶማና አካፋ ይዘው አወጡት። ለሥራው ገንዘብ ያዋጣ ሰው ስሙ በአንዱ የእንጨት መስቀል ላይ እንዲጻፍለት ተደረገ። ዛሬ ሰዎች ባዶ መቃብር ላይ ስማቸውን ለማየት ይከፍላሉ። የቆፈሩት ወታደሮች ግን ለስም አልከፈሉም፤ አልተጠየቁምም።

ፊልሙን ያየ ሰው መጨረሻውን ያስታውሳል። ሦስት ሰዎች በዚያ መቃብር ውስጥ የተቀበረ 200,000 ዶላር ወርቅ ይፈልጋሉ። አንደኛው መቃብሩ ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ እየሮጠ ይቆፍራል፤ ያገኘው አጥንት ነው። ወርቁ የነበረው ከጎኑ፣ ስሙ ያልታወቀው መቃብር ውስጥ ነው።

እኔም ስም ይዤ ነበር የሮጥኩት፤ ኔሮ፣ ሂል፣ ስፔንሰር እያልኩ። ጓደኞቼ፣ የታሪክ ተማሪዎች ነንና ስንቆፍር ከጎን ያለውንም እንይ። በሚቀጥለው በዓል ለአጎቴ ፍራንቼስኮ ስፓራኔሮ የሚለውን ስም እነግረዋለሁ። «ታዲያ እኔ ምን ልባል?» ማለቱ አይቀርም። «አንተማ ጃንጎ ነህ ጋሼ፤ ሃምሳ ዓመት ጋልበኸዋል» እለዋለሁ።