የበቅሎ ሣርና የመኪና ናፍጣ፦ በምሥራቅ ጎጃም መንገድ የፍጥነት ዋጋ

የዛሬው ገለጻዬ ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሜዳ የራቀ ነው። ከደብረ ወርቅ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አንድ ሰው አስቡልኝ፤ መኪናው የራሱ ነው፣ መሪውንም የያዘው ራሱ ነው። ይህ ሰው በየጉዞው ሦስት ነገሮችን ያሰላል፤ ምን ያህል ልፍጠን፣ ናፍጣው ስንት ይወስድብኛል፣ በመጨረሻስ ለቤቴ ምን ይተርፋል። ጥያቄው ከመኪና ጋር የመጣ ይመስላል። እኔ ግን ከነጋዴ ሲራራ የተወረሰ ነው ባይ ነኝ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጉድሩ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ የሚደርሰው ነጋዴም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ ዛሬ ሰባራ ድልድይ በምንለው በኩል ወደ በጌምድር የሚያልፈው ነጋዴ፣ ነዳጁ ሣር ነበር። ሣር በአብዛኛው የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ነው። ማለዳ የተጫነ በቅሎ ከቀትር በኋላ ተራግፎለት ካልጋጠ በማግስቱ አይነሣም። ጭነት ያበዛበትና ያስሮጠው ነጋዴ ገጣባ ያወጣበታል፤ ገጣባ የያዘው በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ያለ ሥራ ይበላል። በዚያ ላይ ኬላ አለ፤ ቀረጥ ተቆጥሮ እስኪከፈል ይቆማል። ከሁሉ በላይ ክረምት አለ። ሁለት ቀን ቀድሞ ዓባይ ዳር የደረሰ ነጋዴ ወንዙ ሞልቶ ከጠበቀው፣ ያተረፋቸው ሁለት ቀኖች ወንዙ ዳር ያልቃሉ።

መኪና ሲመጣ ሣሩ በናፍጣ ተተካ፤ ጊዜና ገንዘብም የተለያዩ መሰሉ። ይህ መለያየት ምን ያህል የማያስተማምን እንደነበረ በ1966 ዓ.ም. ታየ። ከዓለም የነዳጅ ቀውስ በኋላ የነዳጅ ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የታክሲ ታሪፍ ባለበት ቆመ፤ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዋጋውን በከፊል ዝቅ ቢያደርግም በቀናት ውስጥ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የአብዮቱን ታሪክ ስናስተምር ስለ ተማሪውና ስለ ወታደሩ ብዙ እንናገራለን፤ ወጪው ተነሥቶ ገቢው የታሰረበትን ባለ መኪና ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን።

ደርግ የጭነት መኪና ባለንብረቶችን በቀጠና አደራጀ። ጭነት በተራ፣ ዋጋም በታሪፍ ሆነ። ጎጃም ላይ ደግሞ የእህሉ ንግድ ራሱ ከግል ነጋዴው እጅ ወጥቶ ወደ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዞረ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ፍጥነት ምን ያተርፋል? ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ተራ ይይዛል፤ ተራው የሚንቀሳቀሰው ግን ጭነት በተገኘ መጠን ነው። በመንገድ ላይ ያተረፈውን ሰዓት በሰልፍ ያጠፋዋል። የእህል ንግዱ በ1982፣ የጭነት ሥራው ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ገደማ ሲለቀቅ ባለ መኪናው ዋጋውን ራሱ መደራደር ጀመረ፤ ስሌቱም ሙሉ በሙሉ የራሱ ጣጣ ሆነ።

እስቲ ስሌቱን በዓባይ በረሃ እንሥራው፤ ሒሳብ ለምትፈሩ የታሪክ ተማሪዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከደጀን ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ መኪና ጎሐ ጽዮን ለመድረስ 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። መኪናውና ጭነቱ በድምሩ 30 ቶን ቢመዝኑ፣ ይህን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 30 ሊትር ያህል ናፍጣ ይነዳል። ለአንድ ቶን አንድ ሊትር መሆኑ ነው። ሽቅቡን በዝግታም ቢወጣ በፍጥነት፣ ይህ ወጪ እምብዛም አይለወጥም። ቁልቁለቱም ዕዳውን አይመልስም፤ ከደጀን ሲወርድ የተገኘው ኃይል በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ በመልቀቅ ናፍጣ ቆጠብኩ የሚል ሹፌር የሞተሩን መያዝ አጥቶ ሁሉንም ሸክም ለፍሬኑ ይሰጣል፤ ገደሉ ሥር ያሉት የመኪና አጥንቶች ምስክር ናቸው።

ከጎሐ ጽዮን ወዲያ ሌላ ሕግ ይመጣል። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ መኪና 1.8 እጥፍ ያህል የአየር ግፊት ይገጥመዋል። እስከ አዲስ አበባ ባለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚያተርፈው 45 ደቂቃ ነው። ያቺ 45 ደቂቃ ምን ታመጣለታለች? ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የጭነት መኪና በቀን በከተማዋ እንዳይዘዋወር ገደብ ተጥሏል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ ምሽትን ይጠብቃል። እህል በረንዳም ቢገባ አራጋፊ መጠበቅ አለ። ጫት የጫነውና ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚለው ኢሱዙ የሚሮጥበት ምክንያት ይገባኛል፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ዋጋ የለውም፤ በስሙ የተነገረውን የሰው ነፍስ ሳልረሳ ነው ይህን የምለው። ጤፍ ግን በ45 ደቂቃ አይጠወልግም።

ታዲያ ባለ መኪናው ገቢውን የሚያሳድገው በምንድን ነው? በትርፍ ጭነት ነው። ናፍጣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ድጎማው በደረጃ መነሣት ሲጀምር ሊትሩ ከ36 ብር በታች ከነበረበት ወደ 49 ብር ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ተጠጋ። በዚህ ዋጋ እንኳ አንድ ተጨማሪ ኩንታል ከዓባይ ሥር አውጥቶ ጎሐ ጽዮን ማድረስ ይጠይቅ የነበረው ናፍጣ የ10 ብር ያህል ብቻ ነበር። ለኩንታሉ የሚከፈለው ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ሰውየው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ ይጠራዋል። የቀረውን ወጪ የሚከፍለው ጎማው፣ ፍሬኑና መንገዱ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች እንደሚሉት በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስል ክብደት አራተኛ ኃይል ያህል ያድጋል፤ ክብደቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። የጥንቱ ገጣባ ከበቅሎው ጀርባ ወደ አስፋልቱ ተዛወረ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የበቅሎውን ቁስል ባለቤቱ ራሱ ያክመው ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገድ ይዘጋል፣ ኬላ ይበዛል፣ ናፍጣም በሰልፍ ይገኛል። የቆመ መኪና ናፍጣ አይበላም፤ የባንክ ብድር ግን ወለዱን ይቆጥራል፣ የረዳቱም ቤተሰብ ይበላል። በወር አራት ጊዜ ይመላለስ የነበረ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ፣ በቀሩት ሁለት ጉዞዎች የቱንም ያህል ቢበር ወይም ቢቆጥብ የጎደለውን አይሞላም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ካላገኘም ያንኑ በረሃ ባዶውን ይወርዳል፤ ባዶ መኪናም ቢሆን ከድልድዩ እስከ ደጀን የሚወጣው በናፍጣ ነው።

ለጥናት ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጠቁም። በብዙ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የተሸጎጠ ደብተር ይገኛል፤ የጭነቱ ኩንታል፣ የናፍጣው ሊትር፣ የቆመበት ቀን ተጽፎበታል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያሉትን እንዲህ ያሉ ደብተሮች ባለቤቶቹን አስፈቅዶ የሚሰበስብ ሰው እፈልጋለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።