ስሙ ያልተነገረው ፍሬ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሆሳዕና ከተማ ስሟ ምእመናን ዘንባባ ይዘው ከሚያከብሩት በዓል የተገኘ ነው። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ያም ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ይታሰባል። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ፣ በሐዲያና በከምባታ ምድር እስከ ዱራሜ ድረስ፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራሉ። እነዚህ ሁሉ ስለ አንድ ዛፍ የሚናገር አንድ ታሪክ አላቸው፤ ይኸውም አዳምና ሔዋን እንዳይበሉ የተከለከሉት ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ የዛፉን ስም ሁሉም በአንድ ቃል አይጠሩትም።

ኦሪት ዘፍጥረት መልካምና ክፉን የሚያሳውቅ ዛፍ ከማለት በቀር ስም አይሰጠውም። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ዕፀ በለስ ይባላል። በለስ ሲባል በሰሜን አገራችን ብዙ ሰው የሚያስበው እሾኻሙን የቁልቋል ፍሬ ነው፤ ያ ግን ከአሜሪካ የመጣ ተክል ስለሆነ በመጽሐፍ የተጠቀሰው እርሱ ሊሆን አይችልም። ከጥንት የአይሁድ መምህራን አንዱ ዛፉን ወይን ነው ሲል፣ ሌላው ስንዴ፣ ሦስተኛው በለስ ነው ብሏል። የሦስተኛው ምክንያት፣ ሁለቱ ሰዎች በበደሉበት ዛፍ ቅጠል ኀፍረታቸውን ሸፈኑ የሚል ነው። ቁርዓንም ዛፉን በስም አይጠራውም፤ ከተርጓሚዎቹ መካከል ስንዴ፣ ወይን ወይም በለስ ነው ያሉ አሉ።

በግዕዝ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሌላ መልክ ያሳየናል። በ32ኛው ምዕራፍ ሄኖክ ያየው የጥበብ ዛፍ ሑመርን ይመስላል፤ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ያማረ፣ መዓዛውም ከሩቅ የሚሸት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ከአገራችን ወስዶ በ1773 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ አውሮፓ ባደረሰ ጊዜ፣ የዚያ አገር ሊቃውንት ጠፋ ሲሉት የነበረውን መጽሐፍ ሙሉውን አገኙ።

በአውሮፓ በስፋት የታወቀው ፍሬ ፖም ነው። በላቲን ቋንቋ ፖምና ክፋት በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፋቸው ብዙ ጊዜ እንደ ምክንያት ይነገራል። ሆኖም ሚኬላንጄሎ በሮም የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ከ1508 እስከ 1512 በፈረንጆች አቆጣጠር ሥዕሉን በሠራ ጊዜ የሣለው እንደ እኛው የበለስን ዛፍ ነው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን የዕፅዋት ሊቅም በ1753 ለሙዝ «የገነት ሙዝ» የሚል የላቲን ስም አወጣለት፤ ሙዝ የኤደን ፍሬ ነው የሚል ጥንታዊ ወግ ነበርና።

እንግዲህ ሙዝ ከተነሣ ዘመዱን እንሰትን እናስታውስ። በሐዲያና በከምባታ በየደጁ የቆመው ይህ ተክል ከሩቅ ሲያዩት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ጠንካራ ዘር የሞላበት ስለሆነ አይበላም። ምግብ የሚሆነው ግንዱና ሥሩ ነው። ያለ ብርቱ ድካምም አይገኝም፤ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ከዚያም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶና ቦክቶ ቆጮ ይሆናል። ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቤተ ሰቡም የሚያድረው በእነርሱ እጅ ነው።

የሆነ ሆኖ በየጨዋታው «ያሳተችን ሔዋን ናት» ሲባል እንሰማለን። ይህ ፍርድ ከመጻሕፍቱ ጋር ሲመዘን ትክክል ሆኖ አይገኝም። በኦሪት አዳም ሳይገደድ በላ፤ ሲጠየቅም «ሴቲቱ ሰጠችኝ» ብሎ አሳበበ፤ እርስዋም በእባብ አሳበበች፤ ቅጣቱ ግን ለሁሉም እንደ ድርሻው ደረሰ። በቁርዓንም ሰይጣን ሁለቱንም አታለለ፤ ሁለቱም በሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ምሕረት ለመኑ። እንግዲያውስ ወንዱ ከነጻ ሴቲቱ የተወቀሰችበት ታሪክ ከየት መጣ? ከመጽሐፉ ሳይሆን ከወሬው ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የፍሬው ስም ቢለያይም ትእዛዙ አንድ ነው፤ በአንተ ጥበቃ ሥር ያለው ሁሉ ለአንተ መብል አይደለም የሚል ነው። የመዝገብ ቤት ቁልፍ ወይም የገንዘብ ሣጥን በአደራ የተሰጠው ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። አደራውን አጉድሎ በተጠየቀ ጊዜም «እገሌ ሰጠኝ» የሚለው መልስ አዲስ አይደለም፤ በገነት ውስጥ ተሞክሮ ያላዋጣ መልስ ነው። የዛፉን ስም ለሊቃውንት እንተውላቸው፤ መልሱን ግን እያንዳንዳችን እናስብበት።