ጥማድ፦ የመንዝ ገበሬ የሥራ ቀን

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ስለ ሥራ ሰዓት ነው።

በመንዝ መሐል ሜዳም ሆነ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ «በሥራ ሰዓት ይምጡ» የተባለ ባለጉዳይ የሚያውቀው የተለመደው የመንግሥት ቢሮ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ጠዋት ለጁምዓ ሶላት ሲባል ቢሮው 5፡30 ላይ ይዘጋል። አራቱ ቀን ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት፤ ሲደመር 39 ሰዓት ይመጣል። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም የሳምንቱን ጣሪያ 39 ሰዓት አድርጎት ነበር። ለድርጅት ሠራተኞች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ይህ ልክ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1912 ዓ.ም. ለፋብሪካ ሠራተኞች ባጸደቀው የመጀመሪያ ስምምነቱ ላይ የሰፈረው ነው።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገበሬ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የራሱ መለኪያ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ጥማድ ይለዋል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱት ሁለት በሬዎች ጥማድ ናቸው፤ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬትም ጥማድ ነው። በግምት ሩብ ሄክታር ይሆናል። ጭንጫና ተዳፋት ላይ ይጠባል፤ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይሰፋል። በሬውም መሬቱም ይታሰቡበታልና እኔ ይህን መለኪያ ከሰዓት ቆጠራ አላሳንሰውም።

የሥራ ቀን በመንዝ ብድርም ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከባልንጀራው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ ማሳ ይታረሳል። መቀናጆ የሚባለው ይህ ነው። በወንፈል ደግሞ ጉልበት ይበዳደራሉ፤ ዛሬ እኔ ዘንድ ሲያጭድ ከዋለ፣ ነገ እኔ እሱ ዘንድ ሳጭድ እውላለሁ። በደቦ ከሆነ ግን ጠላና እንጀራው የባለማሳው ነው፤ ቀኑን ቆጥሮ የሚያስመልስ የለም።

ሞፈር የማይነሳባቸው ቀኖችም አሉ፤ ሰንበት፣ በወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ገበሬው ለመሬት ጉዳይም ሆነ ለፍርድ ቤት ወደ ወረዳ ከተማ ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ከሰንበት በቀር በእነዚህ በዓላት ነው፤ የእሱ የዕረፍት ቀን የቢሮው የሥራ ቀን ነውና። አሥር ሰዓት ላይ ደርሶ ቢሮው ያለ ሰዓቱ ተዘግቶ ካገኘው «ነገ ተመለስ» ማለት ለእሱ አንድ ጥማድ ሳይታረስ ይደር ማለት ነው። መቀናጆ ላይ ካለም የባልንጀራው ተራ አብሮ ይፈርሳል።