የጤፍ ዱቄትና የባዕድ አገር ማኅተም
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውን መንገድ ያገኛል። በዙሪያውም፣ ጉማራና ርብ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚህ ሜዳ አዝመራ ሁለቱን፣ ሩዝንና ጤፍን፣ ምሳሌ አድርገን የፈጠራ መብት ሕግ በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ እንመለከታለን። ዘመናቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሩዝ ለፎገራ እንግዳ እህል ነው። በ1980ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና አካባቢ እንዲለመድ ረዱ። ገበሬው ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ዘራው፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረበት፤ ኤክስ ጅግና የተባለውንም ዘር ከአዝመራው እያስቀረ ለጎረቤቱ አካፈለ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አላስፈለገውም። ዛሬም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል የሚገኘው በዚያው በወረታ ነው።

ጤፍ ግን ከእኛ ወደ ውጭ የሄደ እህል ነው። በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ሰው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ። ፓተንት ማለት አዲስ ነገር ለፈለሰፈ ሰው እስከ 20 ዓመት የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትና የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ፤ ኩባንያው በጤፍ ዘር ሊጠቀም፣ ከጥቅሙም ለአገራችን ሊያካፍል ማለት ነው። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት በማመልከቻው ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። በ2009 ኩባንያው ከሠረ። ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ጸንቶ ኖረ።

ለመሆኑ ፈጠራ የተባለው ምን ነበር? ዋናው አሳብ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይስማማል የሚል ነበር። እህልን በጎተራ አቆይቶ ማስፈጨት ለፎገራ እናቶች አዲስ ነገር እንዳልሆነ አድማጭ ሁሉ ያውቀዋል። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ፓተንቱን ሻረው። ነገር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ስለ ተካሰሱ እንጂ ኢትዮጵያ ስለ ከሰሰች አልነበረም፤ ፍርዱም የጸናው በኔዘርላንድ ምድር ብቻ ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። መርማሪው በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው የተጻፈውን ነው፤ በእናቶች እጅ ያለውን ሙያ አያገኘውም። በ1992 የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት መንግሥታት በዘር ሀብታቸው ላይ ሥልጣን እንዳላቸው አወቀ። በ1995 የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ግን አመልካቹ ዘሩን ከየት እንዳመጣ እንዲናገር አያስገድድም። ኢትዮጵያ በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቊጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠበቅ ደነገገች። በግንቦት 2024 በጄኔቭ የተወሰነው አዲስ ውል ደግሞ የፓተንት አመልካቾች የዘሩንና የባህላዊውን ዕውቀት ምንጭ እንዲገልጹ የሚል ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ በራችንን እንዝጋ አንልም፤ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሩዝ ፎገራ ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን ስንዋዋል የተስፋውን ድርሻ ብቻ ሳይሆን፣ ባለማኅተሙ ማን እንደሆነ፣ ተዋዋዩም ሲወድቅ መብቱ ወደ ማን እንደሚያልፍ አስቀድመን እንጠይቅ። በጎተራችን ያለውን እህል በቁና እንደምንሰፍር፣ በእጃችን ያለውንም ሙያ በጽሑፍ እንስፈረው።