አዲንዳን፦ ከውኃ በታች ያለው የካርታችን መነሻ

መሬት በገመድ በሚለካበት በቀላድ ዘመን፣ ማሳው ሲለካ ዳር ቆሞ የሚያይ ገበሬ ዓይኑን ከሁለት ነገር ባይነቅል አይፈረድበትም ነበር፤ ገመዱን ከያዘው ሰው እጅና ልኬቱ ከተጀመረበት ድንጋይ። ገመዱ ቢረግብ ወይም ቢወጠር፣ ድንጋዩም በሌሊት ፈቀቅ ቢል፣ በማግስቱ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል። ዛሬ ገመዱ ቀርቶ ቁጥር ተተክቷል። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው፤ ልኬቱ የተጀመረው ከየት ነው?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ቀያሽ የአዲስ አበባን አንድ ቤት ማዕዘን ከቀድሞው ካርታ ላይ በሜትር ያነባል። ከዚያም በዚያው ማዕዘን ላይ ቆሞ ከሳተላይት የሚመጣውን ቁጥር ይወስዳል። ሁለቱ ቁጥሮች ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ከቤቱ ግቢ አልፎ ሌላ ሰፈር የሚያደርስ ልዩነት ነው። ታዲያ የዋሸው የትኛው ነው? ሁለቱም አልዋሹም። የተነሡት ከተለያየ ድንጋይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ምድር ክብ፣ ወረቀት ደግሞ ዝርግ መሆኑ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ ጠረጴዛ ላይ አይነጠፍም፤ ካርታ ሠሪም አንዱን ለማዳን ሌላውን ይሠዋል። የፍላንደርሱ ተወላጅ ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባሳተመው የዓለም ካርታ ያዳነው የመርከበኛውን አቅጣጫ ነበር፤ የሠዋው ደግሞ የሀገሮችን ስፋት። አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 እጥፍ ያህል ትሰፋለች፤ በመርካቶር ካርታ ላይ ግን ሁለቱ እኩያ መስለው ይታያሉ። ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1772 ይህንኑ ዘዴ አግድም አዞረው፤ ጋውስም ለሐኖቨር ቅየሳ ሲል አሻሻለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ምድርን 60 ቀጠና አድርጎ ሲከፍላት ዛሬ ዩቲኤም የምንለው ሥርዓት ተወለደ። ኢትዮጵያ በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው ቀጠና ላይ ትገኛለች።

ሁለተኛው ችግር ግን የባሰ ስውር ነው። ምድር ድፍን ክብ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ስንት ትሰፋለች? እንግሊዛዊው ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1880 ከወገቧ እስከ እምብርቷ 6,378,249 ሜትር ነው አለ። የሳተላይቱ ዘመን ደግሞ 112 ሜትር ቀንሶ 6,378,137 አደረገው። ይህን የታሰበ ቅርጽ ከእውነተኛዋ ምድር ጋር የሚያያይዝ አንድ ችካል ያስፈልጋል። የእኛ ካርታ ችካል አዲንዳን ይባላል።

አዲንዳን ማን ናት? ከአሥዋን በስተደቡብ፣ በግብጽና በሱዳን ወሰን አጠገብ፣ በዓባይ ዳር የነበረች የኑቢያ መንደር ናት። የሱዳን ቅየሳ የተመሠረተው እዚያ አጠገብ ባለ ነጥብ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ሲጀምሩ፣ ከሱዳን የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት ከተራራ ወደ ተራራ እየዘረጉ ወደ እኛ ተሻገሩ። በ1964 የወጣው የተፋሰሱ ጥናትም ሆነ ከዚያ በኋላ የታተሙት የሀገራችን ካርታዎች የቆሙት በዚህ ሰንሰለት ላይ ነው።

አሁን የታሪክን ምፀት ተመልከቱ። የአሥዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ሐይቁ እየሞላ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 የኑቢያ ሰዎች ከመንደሮቻቸው ተነቅለው ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰዱ። አዲንዳንም ከነስሟ ከውኃ በታች ቀረች። ከጎጃምና ከወለጋ ተራሮች የወረደው ውኃ እነዚያን ተራሮች የምንለካበትን ድንጋይ ዋጠው። ችካሉ ሰጠመ፤ ቁጥሩ ግን በእያንዳንዱ ካርታ ላይ ይኖራል።

ይህ የቀያሾች ምሥጢር ሆኖ የቆየ ጉዳይ በኮምፒዩተር ዘመን የሁሉም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ካርታውን ለዓለም ሲከፍት ከሁሉም መርጦ ያነሣው የ1569ኙን መርካቶርን ነበር፤ ያውም ስሌቱ እንዲፈጥን ምድርን ድፍን ክብ አድርጎ። ነዳጅ ፈላጊ ቀያሾች ያቋቋሙት የኮኦርዲኔት መዝገብ መጀመሪያ አልቀበልም ቢልም፣ ኋላ 3857 የሚል ቁጥር ሰጠው። ስክሪፕት የሚጽፍ ወጣት ይህን መርካቶር ከትክክለኛው የመርካቶር ስሌት ጋር ቢያምታታ፣ አዲስ አበባን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ያንሸራትታታል። ኬክሮስና ኬንትሮስን ቢያቀያይር ደግሞ መዲናችን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች።

ይኸኛው ስሕተት ወዲያው ይታያል፤ ያስቃልም። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። የአዲንዳንን ቁጥር ወደ ሳተላይቱ ቁጥር ለመመለስ በስክሪፕቱ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች መግባት አለባቸው፤ ለኢትዮጵያ የወጡት 165 ሲቀነስ፣ 11 ሲቀነስ እና 206 ሲደመር ናቸው። የሁለቱ የምድር ቅርጾች እምብርት በሜትር ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው። ጸሐፊው ቢዘነጋቸው ኮምፒዩተሩ አይጮኽም፤ ስሕተት አለ ብሎም አይጽፍም። ካርታው አምሮ ይከፈታል፤ የሰውየው ይዞታ ግን ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ተሥሎ ይታያል።

መሬት ደግሞ በእኛ ሀገር የዕለት እንጀራም፣ የልጅ ተስፋም፣ የደም ምክንያትም ናት። የይዞታ ማረጋገጫ በቁጥር መሰጠቱ መልካም ነው፤ ቁጥር በዘመድ አያዳላም። ቢሆንም መነሻው ያልተነገረ ቁጥር እንደዚያ በሌሊት ፈቀቅ እንዳለ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ካርታ በእጃችሁ ሲገባ ከሥዕሉ በፊት ግርጌውን አንብቡ። እዚያ በትንንሽ ፊደል «አዲንዳን» የሚል ቃል ካለ፣ ልኬቱ የተጀመረው ከሰጠመችው መንደር መሆኑን ዕወቁ። ቃሉም ሌላም ከሌለ ግን፣ የሠራውን ሰው ከየት እንደጀመረ ጠይቁት።