ዩባሪ፦ የድንጋይ ከሰል ያነሣት፣ ዕዳ የጣላት ከተማ

በሰሜን ጃፓን፣ ሆካይዶ ደሴት የምትገኘው ዩባሪ የድንጋይ ከሰል የወለዳት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። ጃፓን ፊቷን ወደ ነዳጅ ዘይትና ከውጭ ወደሚገባ ርካሽ ከሰል ስታዞር የማዕድን ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው በ1990።

ከተማዋን የጣላት ግን የከሰሉ ነገር ማክተሙ ብቻ አይደለም። አስተዳደሩ «ቱሪስት ይተካዋል» ብሎ በብድር መዝናኛ ፓርክ ገነባ። ቱሪስቱ ቀረ፤ ዕዳው መጣ። ጉድለቱንም በአጭር ጊዜ ብድር እየሸፈነ ለዓመታት ደበቀው። በ2007 ዩባሪ ከ35 ቢሊዮን የን በላይ ዕዳ ይዛ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለች። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ግብር ጨመረ።

ዛሬ ነዋሪዋ ከ10,000 በታች ነው። መውጣት የቻለ ወጣ። ዕዳውን የሚከፍሉት የተበደሩት ሳይሆኑ የቀሩት ናቸው።